ቤቴስዳ ዳር ሆና እንዴት ከበረች?

ባለፈው እትም ከለገጣፎ የመጣች አጭር ደብዳቤ አውጥተን «መልሱ በሚቀጥለው» ብለን ነበር። መልሱን ሳንጽፍ ሌሎች ጥያቄዎች ተደራረቡብን፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ካሉ ሰፈሮች የተላኩ ናቸው። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ ለሙሉ ለአንዲት የአሜሪካ ሰፈር ሆኗል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትቀላቅሏቸው።

«ሰላም ናችሁ? እህቴ ሜሪላንድ ውስጥ ቤቴስዳ የሚባል ቦታ ልጅ ትይዛለች። ስልክ ስንደዋወል ‹ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ግን የሀብታም ሰፈር ነው› ትለኛለች። እኔ የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከከተማ ወጣ ማለት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ውሃ ስትመጣ በርሜል ይዤ እሮጣለሁ። ይሄ ቦታ ራሱን የቻለ ከተማ ነው? ከንቲባ አለው? ከዋሽንግተንስ ምን ያህል ይርቃል?» — በርሜል ያዧ፣ ከለገጣፎ

ከንቲባ የላትም። ማዘጋጃ ቤትም የላትም። በሕግ ዓይን ቤቴስዳ ጭራሽ ከተማ አይደለችም፤ ወሰኗን ያሰመረው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ነው፣ ያውም ሰው ለመቁጠር እንዲመቸው ብሎ። ፖሊስ የሚመድበው፣ መንገዱን የሚጠግነው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ስትሰሚ የእኛን ዞን አስቢ፣ ብዙም አትሳሳቺም። የሞንትጎመሪ መቀመጫ ሮክቪል ነው፣ በ2020ው ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ 1,062,061 ነበር። የሚገርመው፣ ቤቴስዳን ተጠግተው ያሉት እንደ ሶመርሴት ያሉ ትንንሽ መንደሮች ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ያነሰ ሕዝብ ይዘው የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። እሷ ግን ያን ሁሉ ሀብት ይዛ የላትም፣ የፈለገችም አይመስልም።

ርቀቱን ካነሳሽ፣ ከዋሽንግተን መሃል ወደ ሰሜን ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከመስቀል አደባባይ አንቺ ቤት ከመድረስ ያንሳል። ስፋቷ 34 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በኩል ሮክ ክሪክ የሚባል ወንዝና ጫካው አለ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ ፖቶማክ ወንዝ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጋው ይወብቃል፤ እህትሽ ሐምሌ ላይ ስትደውል ስለ ሙቀት ብታማርር አጋነነች አትበያት።

ይሄ የወንዝ ነገር ቀላል አይደለም። ፖቶማክ ከባሕር ጀምሮ ጆርጅታውን የሚባለው ወደብ ድረስ መርከብ ይሸከማል፣ ከዚያ በላይ ግን ድንጋይና ፏፏቴ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ገበሬ ትምባሆውንና እህሉን ጭኖ በየብስ ወደ ወደቡ መውረድ ነበረበት። ያ የጋሪ መንገድ ዛሬ ዊስኮንሲን ጎዳና ይባላል፣ ቤቴስዳም በዚያ መንገድ ዳር ነው የተፈጠረችው።

«ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። እኛ አካባቢ ዛሬ ቪላ የቆመበት መሬት የትናንት የጤፍ ማሳ ነው፣ ባለቤቱንም ልጆቹንም አውቃቸዋለሁ። የእነዚያስ መሬት ከዚያ በፊት የማን ነበር? ስሙስ ከወንጌሉ ነው?» — መምህሩ፣ ከሰንዳፋ

ጋሼ፣ በስሙ ልጀምርና ልለፈው። አዎ፣ ከወንጌል ነው፤ መጻጉዕ የዳነባት መጠመቂያ፣ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የሚላት። በ1820 እዚያ የተሠራ የፕሬስቢቴሪያን ጸሎት ቤት ይህን ስም ይዞ ነበር። መንደሩ ግን የሚጠራው በአንድ ሱቅ ባለቤት ስም፣ «የዳርሲ ሱቅ» ተብሎ ነው። በ1871 ፖስታ ቤቱ የጸሎት ቤቱን ስም ወሰደ፣ መንደሩም በዚያው ጸና።

የመሬቱ ነገር ሰፊ ነው። አውሮፓውያን ሳይመጡ አካባቢው የፒስካታዌይና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር። ከዚያ የትምባሆ እርሻ መጣ፣ ትምባሆ ደግሞ ባሪያ ፈለገ። እርስዎ የታሪክ ሰው ስለሆኑ አንድ ሰው ልጥቀስልዎት፣ ጆሳያ ሄንሰን ይባላል። በ1789 ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወለደ፣ ዛሬ ሰሜን ቤቴስዳ በሚባለው ቦታ በአንድ ጌታ እርሻ ላይ ለዓመታት ሠራ። ነፃነቱን በገንዘብ ሊገዛ ሞክሮ ጌታው አታለለው። በ1830 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ሁለቱን ትንንሾች በጀርባው አዝሎ፣ ካናዳ ገባ። የሕይወት ታሪኩን በ1849 አሳተመ። ዛሬ በዚያ እርሻ ላይ በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል፣ በ2021። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች ዋጋቸው አይቀመስም።

ሜሪላንድ ባርነትን ያስቀረችው በኅዳር 1864 ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ሪቨር ሮድ በሚባለው መንገድ አካባቢ የራሳቸውን ሰፈር መሠረቱ፤ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የመቃብር ቦታ ነበራቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሱቅና ፎቅ ሲስፋፋ ሰፈሩ ተበተነ። ቤተ ክርስቲያኑ አሁንም አለ። ምእመናኑና የነዋሪዎቹ ዘሮች የአባቶቻችን መቃብር ላይ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ተነጥፎበታል ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ሲከራከሩ ኖረዋል። ስለ ጤፍ ማሳው የጻፉልኝን ሳነብ የመጣብኝ ይሄ ነው።

«ኮዬ ፈጬ ዕጣ ወጥቶልኝ ነው የገባሁት። ሥራዬ ፒያሳ ነው። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። እኛ አገር ሰው ወደ ዳር የሚወጣው አቅም ሲያጥረው ነው። እዚያ ደግሞ ሀብታሙ ነው አሉ የሚወጣው። ምን አግኝቶ ነው? በግልጽ ንገሩኝ።» — ሰልፈኛው

በግልጽ እነግርሃለሁ። በመጀመሪያ ግን፣ እኛም አገር ሀብታም ወደ ዳር ይወጣል፤ ለገጣፎ መንገድ ላይ በአጥር የተከለሉትን ቪላዎች እየው። ልዩነቱ እነሱ ጄኔሬተራቸውንም የጉድጓድ ውሃቸውንም ተሸክመው ነው የሚወጡት። ቤቴስዳ አካባቢ ግን አገልግሎቱ ቀድሞ ሄዶ ሰውን ጠበቀው።

ነገሩ በባቡር ይጀምራል። በ1890 ፍራንሲስ ኒውላንድስ የሚባል ፖለቲከኛ የቼቪ ቼዝ የመሬት ኩባንያን አቋቋመ፤ ከ1,700 ኤከር በላይ መሬት ሰብስቦ ገዛ። ከዚያ ቤት አልሸጠም። መጀመሪያ ከዋሽንግተን የሚነሳ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ድልድይ ሠራ፣ ውሃና ፍሳሽ አስገባ፣ ዛፍ ተከለ። ቀጥሎ ደንብ አወጣ፦ በዋናው ጎዳና ላይ ከ5,000 ዶላር በታች የሚያወጣ ቤት መሥራት ክልክል፣ በውስጥ መንገዶች ደግሞ ከ3,000 በታች። በዚያን ጊዜ 5,000 ዶላር ለአንድ ሠራተኛ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ደንቡ ውስጥ «ድሃ አይግባ» የሚል ቃል የለም። አያስፈልገውማ። ቼቪ ቼዝ የቤቴስዳ የቅርብ ጎረቤት ናት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤቴስዳም የራሷን ባቡር አገኘች፣ እሱም እስከ 1935 ሠርቷል።

ኒውላንድስ ማን እንደነበር ማወቅ ካማረህ፣ በኋላ የኔቫዳ ሴናተር ሆኖ በ1912 ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸውን ያገኙበት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይሰረዝ ብሎ የተከራከረ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ብድር ነው። ከ1934 በፊት አሜሪካ ውስጥም ቤት ለመግዛት የዋጋውን ግማሽ ያህል በእጅ መያዝ የተለመደ ነበር፣ የቀረውም በጥቂት ዓመት ይከፈላል። በዚያ ዓመት መንግሥት የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመና ለባንኮቹ «ብድሩ ቢበላሽ እኔ አለሁ» አላቸው። ቅድሚያ ክፍያው ወረደ፣ የመክፈያው ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ደግሞ በ1944ቱ ሕግ ሌላ ዕድል አገኙ። የዋሽንግተን የመንግሥት ሠራተኛ ጎጆውን ይዞ ወጣ፣ እንደ እኔና አንተ ዕቁብ ሳይጥል።

ግን ዋስትናው ለሁሉም አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ለገማቾቹ ባወጣው መመሪያ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ወይም ሊገቡበት የሚችሉበትን ሰፈር አደገኛ ብሎ መደበው፤ በቤት ካርታ ላይ ዘር የሚለይ ውል እንዲገባም ይመክር ነበር። ቤቴስዳና ዙሪያዋ ብዙ መንደሮች ይህ ውል ነበራቸው። «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም»፣ አንዳንዱ አይሁድንም ይጨምራል። ከቤት ሠራተኛ በስተቀር። ማለትም ማብሰል ይቻላል፣ መኖር አይቻልም። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች ይህን ውል ማስፈጸም አይችሉም አለ፣ አድልዎው ራሱ በሕግ የተከለከለው ግን በ1968 ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤት የገዛው ገዝቷል፣ ዋጋው እየወጣ ለልጅ ልጅ ደርሷል። ያልገዛው ቀርቷል።

ሦስተኛው ነገር፣ ሥራው ራሱ ወደ ዳር መጣ። እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው፣ አንተም ከኮዬ ፒያሳ የምትንከራተት ሰው ስለሆንክ ይገባሃል። በ1930ዎቹ ባልና ሚስት ሆነው እዚያ ሰፊ ግቢ የነበራቸው የዊልሰን ቤተሰቦች መሬታቸውን ለመንግሥት ሰጡ፣ በዚያ ላይ ብሔራዊው የጤና ምርምር ተቋም ተሠራ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጥቅምት 1940 መጥተው መርቀውታል። ዛሬ 27 ኢንስቲትዩቶችና ማዕከላት ናቸው፤ በኮሮና ጊዜ የሞደርናው ክትባት ከኩባንያው ጋር የተሠራው እዚያ ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሩዝቬልት ራሳቸው ቦታውን የመረጡት የባሕር ኃይል ሆስፒታል አለ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 ሲገደሉ አስከሬናቸው የተመረመረው እዚያ ነው። በ2011 ዋልተር ሪድ ከሚባለው የምድር ጦር ሆስፒታል ጋር ተዋሕዶ የወታደሩ ትልቁ ሆስፒታል ሆነ። በላዩ ላይ የማሪዮት ሆቴሎችና የጦር መሣሪያ አምራቹ የሎክሂድ ማርቲን ዋና መሥሪያ ቤቶች ቤቴስዳ ናቸው። ሐኪሙም፣ ተመራማሪውም፣ ጠበቃውም ቁርሱን በልቶ ሥራው አጠገቡ ነው።

አንድ የምታስቅ ሕግ ልጨምርልህ። ዋሽንግተን ውስጥ በ1910 የወጣ የሕንፃ ከፍታ ገደብ አለ፣ ረጅም ፎቅ አይሠራም። ከድንበሩ ማዶ ግን ሕጉ አይደርስም። ስለዚህ ፎቁ ድንበር ተሻግሮ በቀለ። በ1984 የሜትሮ ባቡር ቤቴስዳ ሲገባ ጣቢያው ዙሪያ ቢሮውና አፓርታማው ወደ ላይ ተመዘዘ። ጣቢያው ጥልቅ ነው፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሲበላሽ ነዋሪው ያማርራል። አያት የባቡሩ መጨረሻ ከሆነ ወዲህ ደላሎቹ ስንት ጊዜ «ከጣቢያው አምስት ደቂቃ» እንዳሉህ አስታውስ፤ እዚያም ቋንቋው ያው ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ሚስጥሩ ይሄ ነው፦ ሐዲዱና ቧንቧው ከሰው ቀደሙ፣ ሰው ከገባ በኋላ ደግሞ በሩ ተዘጋ። አንደኛውን ብንኮርጅ ምንኛ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውን ግን ሳንኮርጀውም የጀመርነው ይመስለኛል።

«ትምህርት ቤታቸው ጎበዝ ነው የሚባለው ግብሩ እዚያው ስለሚቀር ነው? እኛም አገር የንብረት ግብር አዋጅ ስለወጣ ነው የጠየቅኩት።» — ቤት ሠሪው፣ ከገላን

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ልክ ነህ፣ የሀብታም መንደር ግብር ለሀብታም መንደር ትምህርት ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ትምህርት ቤቱ የካውንቲው ነው፤ 160,000 ገደማ ተማሪ ያለው አንድ ሥርዓት። የቤቴስዳ ግብር እዚያው ብቻ አይቀርም፣ በዚያው ካውንቲ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ይደርሳል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ልጅህ የሚማረው ቤትህ ባለበት ክልል ነው። ቤቴስዳ ውስጥ የአማካይ ቤት ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ማን ይገባል? የተማረው፣ ደህና የሚከፈለው፣ ልጁን አስጠኚ የሚቀጥረው። ከ25 ዓመት በላይ ካሉት ነዋሪዎች ከ10ሩ ከ8 የሚበልጡት ዲግሪ አላቸው፣ ብዙዎቹም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጨምረው። መምህሩ ያው መምህር ነው፤ ተማሪውን ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ነው የሚለየው።

ካውንቲው ይህን ለማለዘብ በ1974 አንድ ደንብ አውጥቷል፣ እኔ በጣም የምወደው። ብዙ ቤት የሚገነባ አልሚ ከቤቶቹ የተወሰነውን፣ ዛሬ ቢያንስ 12.5 በመቶውን፣ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በተወሰነ ዋጋ እንዲያቀርብ ይገደዳል። እዚያው ግቢ፣ በዚያው በር። የእኛ ኮንዶሚኒየም ድሃውን ሰብስቦ ለብቻው ዳር ሲያወጣ፣ ያኛው ሀብታሙ መሃል ይበትነዋል። ይበቃል ወይ? አይበቃም፣ ወረፋው ረጅም ነው። ግን ሐሳቡን የአዲስ አበባ ሪል ስቴቶች ላይ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል፣ ጩኸቱ ከወዲሁ ይሰማኛል።

«ስንት ሰው ይኖራል? ሀበሻስ አለ? ደሞዛቸው ስንት ነው?» — ወሬ ወዳዱ፣ ከቱሉ ዲምቱ

በ2000 55,277፣ በ2010 60,858፣ በ2020 68,056 ሰው ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ 13,000 ያህል ብቻ ነው የጨመረው፤ እናንተ ሰፈር ያን ያህል ሰው በአንድ ክረምት የሚገባ ይመስላል። አብዛኛው ነዋሪ ነጭ ነው፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ይከተላሉ፣ ጥቁሮች ከ10 በመቶ በታች ናቸው። የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ የአገሪቱን እጥፍ ያልፋል፤ የአገሪቱ በ2023 80,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ አንተው አባዛው። የምርምር ተቋሙ ከዓለም ዙሪያ ሳይንቲስት ስለሚስብ የውጭ አገር ተወላጁ ብዙ ነው። ሀበሻ አለ፤ ሐኪምም፣ ተመራማሪም፣ ቤት የገዛም አለ። የሚበዛው ግን ጠዋት በባቡርና በአውቶቡስ መጥቶ ማታ የሚመለሰው ነው፤ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የሰው ቤት።

«ዲቪ ደርሶኛል፣ ስፖንሰሬ የምትኖረው ቤቴስዳ አጠገብ ነው። እዚያው ቤት ብከራይ ይሻላል? ደግሞ እናቴ ታማሚ ናት፣ ያ የምርምር ሆስፒታል በነፃ ያክማል ይባላል፣ እውነት ነው?» — ሻንጣ አዘጋጁ፣ ከሱሉልታ

እንኳን ደስ ያለህ! ከሆስፒታሉ ልጀምር፣ ምክንያቱም በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል። በ1953 የተከፈተው የምርምር ሆስፒታል በሽተኛውን ገንዘብ አይጠይቅም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ታመምኩ ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ የሚቀበለው በሚያጠናው በሽታ ላይ ለጥናት የሚስማማ ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። የእናትህን የሐኪም ማስረጃ በእንግሊዝኛ ይዘህ የተቋሙን የጥናት ዝርዝር አስፈልግ፣ በሽታዋ ካለበት ሐኪሟ እንዲጽፍላቸው አድርግ። «እኔ አስገባታለሁ፣ ብር ላክ» የሚልህን ሰው ስልኩን ዝጋበት።

ቤቱን በተመለከተ፣ ቤቴስዳ ለጀማሪ አትመከርም፣ ኪራዩ እሳት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሂድ። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ነው፣ የዋሽንግተን አካባቢ ሀበሻ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክፍል የሚያጋራ ሰው ሁሉ አለ። ሁለቱን ሰፈሮች በቀጥታ የሚያገናኝ ሐምራዊው መስመር የሚባል ቀላል ባቡር ከ2017 ጀምሮ እየተሠራ ነው፣ ገና አላለቀም፤ የባቡር ግንባታ የሚጓተተው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። እስኪያልቅ በአውቶቡስ ነው። የካውንቲው የራሱ አውቶቡስ፣ ራይድ ኦን የሚባለው፣ ከ2025 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ሆኗል፣ በከንቱ ትኬት እንዳትፈልግ።

ልጆች ካሉህ የክትባት ካርዳቸውንና የትምህርት ማስረጃቸውን አስተርጉመህ ያዝ። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ስትሄድ ደግሞ ቋንቋ አልችልም ብለህ አትሸማቀቅ፤ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፣ አስተርጓሚ እንዲመጣልህ ቀድመህ ጠይቅ።